ምጥ ሳይመጣ

የገጠር ቁምስና ለአካባቢው ጤና ምን ያደርጋል ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ክሊኒክ ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ነጭ ልብስ የለበሱ ደናግል፣ ግድግዳው ጥግ ነጠላቸውን ተከናንበው ተራ የሚጠብቁ ሕሙማን። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም። በብዙ የገጠር ወረዳዎች ለረጅም ዘመን የነበረው ሕክምና ይኸው ነበር። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን በገጠር ጤና ላይ ያላትን ድርሻ በመርፌና በኪኒን ብዛት የሚለካ ሰው ዋናውን ነገር ያልፈዋል። መድኃኒት በገንዘብ ይገዛል፣ ሐኪም በደመወዝ ይቀጠራል፣ ሕንፃም በአንድ የበጀት ዓመት ሊቆም ይችላል። ምንም ያላመመው ሰው ሥራውን አስቀምጦ፣ ቤቱን ለሌላ አደራ ብሎ፣ ገና ላልደረሰ አደጋ ሲል ከደጁ እንዲነሣ ማድረግ ግን በእነዚህ በአንዱም አይመጣም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን ማንም ያውቀዋል፤ የሚቸግረው ማድረጉ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ቁምስና ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው ብዬ ነው። የምመረምረውም አንድ ቦታና አንድ ሥራ ይዤ ነው፤ ቦታው በጉራጌ ዞን ያለው የአጣጥ ሆስፒታል፣ ሥራው የእናቶች ማቆያው ነው። (ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አጣጥ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከወልቂጤ አለፍ ብሎ፣ በእምድብር አካባቢ ይገኛል። አገሩ የእንሰት አገር ነው። ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት፣ እያንዳንዱ ቤት በጓሮው እንሰትና ቡና የተከበበበት፣ ብዙ ወንዶች ለንግድ ወደ አዲስ አበባ የሚወጡበትና ለመስቀል የሚመለሱበት ምድር ነው። እንሰቱን የሚፍቁት፣ ቆጮውን የሚቀብሩት፣ ላሙን የሚያልቡት ሴቶች ናቸው። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሴቲቱ ከቤት ስትወጣ ቤቱ የሚያጣው የምግቡን ምንጭ ነውና። ሆስፒታሉ በሉርድ እመቤታችን ስም ተሰይሞ በ1969 ሥራ የጀመረው የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች በተባለው የካቶሊክ ደናግል ማኅበር ነው። ዛሬ አካባቢው በ2003 በተቋቋመው፣ በግእዝ ሥርዓት በሚቀድሰው በእምድብር ሀገረ ስብከት ሥር ነው።

የማኅበሩን አጀማመር ባጭሩም ቢሆን ማንሣት ግድ ይላል፤ ምክንያቱም ማኅበሩ የተወለደው ከእናቶች ሞት ነው። መሥራቿ አና ዴንግል በ1892 በኦስትሪያ ቲሮል የተወለደች ሐኪም ነበረች። በአየርላንድ ኮርክ ሕክምና ተምራ በ1920 ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ወዳለችው ራዋልፒንዲ ሄደች። በዚያ ሙስሊም ሴቶች ወንድ ሐኪም እንዲያያቸው ወግ ስለማይፈቅድላቸው በወሊድ ይሞቱ ነበር። መነኮሳት ሴቶች ደግሞ በጊዜው በነበረው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ማዋለድና ቀዶ ሕክምና አይፈቀድላቸውም። እንግዲህ በአንድ በኩል ሴት ሐኪም ብቻ የምትቀበል እናት፣ በሌላ በኩል እንዳታዋልድ የተከለከለች መነኩሲት፣ በመካከላቸው ሞት ነበር። ዴንግል በ1925 በዋሽንግተን ማኅበሩን ስትመሠርት እኅቶቹ ሙሉ መሐላ እንኳ አልገቡም፤ ያን ቢያደርጉ ሕክምናውን መተው ነበረባቸው። ሕጉ የተለወጠው በየካቲት 1936 ነው፤ ሮም መነኮሳት ሴቶች ሕክምናን በምልአት፣ ማዋለድንም ጭምር፣ እንዲሠሩ ፈቀደች። ያ ውሳኔ የወጣበት ቀን፣ የካቲት 11፣ የሉርድ እመቤታችን በዓል ነው። ከዚህ ታሪክ የምይዘው አንድ ነገር አለ። ለሴቶቹ ሞት ምክንያት የሆነው የመድኃኒት እጦት ብቻ አልነበረም። ሐኪምና ሆስፒታል ባለበትም ከተማ ሴቶቹ ወደዚያ መድረስ የማይችሉበት ወይም መድረስን የማይደፍሩበት አጥር ነበር። የማኅበሩ ሥራ ከመጀመሪያው ያን አጥር መሻገር ነው።

በወሊድ የሚመጣ ሞት ከሌላው በሽታ የሚለይበት ነገር ፍጥነቱ ነው። ሳንባ ነቀርሳ ወራት ይሰጣል፣ ወባም ቀናት ይሰጣል። ከወሊድ በኋላ ክፉኛ የሚደማ ማሕፀን ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጤነኛ የነበረችን ሴት ሊገድል ይችላል። ሕፃኑ በዳሌዋ አልፎ መውጣት ሲያቅተው ማሕፀኗ መግፋቱን አያቆምም፤ ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች ወይም ብዙ ጊዜ የወለደች ከሆነች ሊቀደድ ይችላል። ሳይቀደድ ቀናት ቢቆይ ደግሞ የሕፃኑ ራስ በፊኛና በብልቷ መካከል ያለውን ሥጋ አፍኖ ያሞተዋል፤ ፊስቱላ የሚባለው ጉዳት የሚመጣው እንዲህ ነው። ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 ባወጡት ጽሑፍ እነዚህን ሞቶች በሦስት መዘግየቶች ከፍለው አስረድተዋል፤ ለመሄድ በመወሰን፣ በመንገድ፣ ከደረሱም በኋላ ተገቢውን እርዳታ በማግኘት። በጉራጌ ተራራና ሸለቆ ላይ ሦስቱም እንዴት እንደሚደራረቡ ማሰብ አይከብድም። ምጡ ሌሊት ይጀምራል። አማት «ገና ነው» ትላለች፤ የልምድ አዋላጇ ትጠራለች። ባል አዲስ አበባ ከሆነ ቃሉ ይጠበቃል። ሲነጋ ጎረቤት ቃሬዛ ያዘጋጃል፤ ወንዙ ሞልቶ ከሆነ እስኪጎድል መቆም ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚደርሰው ሰውነት ለሐኪሙ የሚተውለት ጊዜ ጥቂት ነው። አምቡላንስ ሁለተኛውን መዘግየት ያሳጥራል፣ ጥሩ ሆስፒታል ሦስተኛውን። የመጀመሪያውን ግን ሁለቱም አይነኩትም።

በአጣጥ የተወሰደው መፍትሔ መንገዱን ማሳጠር ሳይሆን ጉዞውን ማስቀደም ነው። በ1976 በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ ተከፈተ። በቅድመ ወሊድ ክትትል ጊዜ አደጋ ሊገጥማት ይችላል የተባለች ነፍሰ ጡር፣ ማለትም ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ የእንግዴ ልጁ የማሕፀኗን በር የዘጋባት፣ ሕፃኑ ተገልብጦ የመጣባት፣ የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ መጥታ እዚያው እንድትቆይ ይነገራታል። ቤቱ ሆስፒታል አይመስልም፣ እንዲመስልም አልተፈለገም። ሴቶቹ ስንቃቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ራሳቸው ወይም አብራ የመጣች ዘመድ ያበስላሉ፣ አብረው ቡና ያፈላሉ። ባለሙያ እየመጣ ያያቸዋል፤ የሕፃኑን የልብ ምት ያዳምጣል፣ የደም ግፊታቸውን ይለካል፣ እግሯ ያበጠባትን፣ ራሷን ያመማትን ይለያል። ምጥ ሲጀምር የሚቀረው ጉዞ ግቢውን ተሻግሮ ማዋለጃ ክፍል መድረስ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ አዲስ መሣሪያ የለም። ያለው ጊዜ ነው፤ ቀድሞ የተገዛ ጊዜ፣ ዋጋውም የቆጮውና የላሙ ሥራ የተስተጓጎለባቸው ቀናት ናቸው።

ቤቱ ምን ፍሬ እንዳፈራ የሚያሳየው መረጃ በኢትዮጵያ ገጠር እምብዛም የማይገኝ ዓይነት ነው። ከ1987 እስከ 2008 ድረስ ባሉት 22 ዓመታት በአጣጥ የወለዱ 24,148 ሴቶች መዝገብ ተመርምሮ በ2010 ታትሟል። ከእነዚህ 6,805ቱ በማቆያው በኩል የገቡ፣ 17,343ቱ ደግሞ በቀጥታ ከቤታቸው የመጡ ናቸው። በቀጥታ ከመጡት መካከል የእናቶች ሞት በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 1,333 ነበር፤ ማቆያው ውስጥ ከቆዩት መካከል 90። ከ1,000 ወሊዶች ሞተው የተወለዱት በመጀመሪያዎቹ 191፣ በሁለተኛዎቹ 18 ገደማ ናቸው። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ከቤታቸው በቀጥታ ከመጡት እናቶች መካከል ከአምስቱ አንዷ ለመሆን ጥቂት የሚቀራት እናት በድን ሕፃን ታቅፋ ወጥታለች ማለት ነው። በማቆያው በኩል ካለፉት ግን ይህ የገጠማት ከሃምሳ አንዷን እንኳ አትሞላም። ከዚያ በኋላ በዚያው ሆስፒታል የተደረገ ሌላ ጥናትም ያሳየው አቅጣጫ ይህንኑ ነው።

ጥንቁቅ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያስቆመኝ ይገባል። ሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት ሴቶች አይደሉም። ከቤቷ በቀጥታ የምትመጣ ሴት ብዙውን ጊዜ የምትመጣው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ደህና የወለደችው እዚያው መንደሯ ቀርታለችና በመዝገቡ አልተጻፈችም። እንግዲህ 1,333 የሚለው ቁጥር «ማቆያ ሳይገቡ መውለድ» የሚያስከትለው ሞት ሳይሆን፣ ተበላሽቶ የመጣ ምጥ የሚያስከትለው ሞት ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያው መስጠትም ስሕተት ይሆናል። ነገር ግን ሚዛኑ ወደ ሌላውም ወገን ያዘነብላል። ማቆያ የሚገቡት አደጋ አለባቸው ተብለው የተመረጡት ናቸው፤ ከእነዚህ 38.5 በመቶዎቹ በቀዶ ሕክምና ወልደዋል፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 20.3 በመቶዎቹ ናቸው። ማለትም እነዚህ ሴቶች ቤታቸው ቢቀሩ ኖሮ ብዙዎቹ ያለ ቢላዋ ሊገላገሉ የማይችሉ ነበሩ። ከሌሎቹ በላይ መሞት የሚገባቸው በስሌት እነሱ ነበሩ፤ የሞቱት ግን ከሁሉም ያነሱ ናቸው። ማቆያው ምን ያህል ሞት እንዳስቀረ ትክክለኛውን ቁጥር ከዚህ መዝገብ ማውጣት አይቻልም። ብዙ እንዳስቀረ መካድም አይቻልም።

ሌላው ተቃውሞ ከአዋላጅ ሐኪሞች ራሳቸው የሚመጣ ነው። አደጋ ያለባትን ሴት አስቀድሞ መለየት የሚለው ስልት በዓለም ዙሪያ ተሞክሮ ብዙ እንዳልሠራ ካወቁ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ክፉኛ ከሚደሙትና ምጥ ከሚጸናባቸው ሴቶች ብዙዎቹ በክትትል ጊዜ ምንም ምልክት ያልታየባቸው ናቸው። ስለዚህ መንታ የያዘችውን ማቆያ አስገብቶ «ደህና ነሽ» የተባለችውን ወደ ሸለቆዋ መመለስ የውሸት ማረጋጊያ ሊሆን ይችላል። ይህን እቀበላለሁ። ከዚህ የሚከተለው ግን ማቆያውን መዝጋት አይደለም፤ የመግቢያውን መስፈርት ማስፋት ነው፣ ቤቷ ሩቅ የሆነችውን ሁሉ እንዲጨምር። ርቀት ራሱ የአደጋ ምልክት ነው፤ ደም ግፊትን ለማወቅ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ ወንዝ ማዶ የምትኖርን ሴት ለማወቅ ግን መንደሩን ማወቅ ይበቃል። መንደሩን የሚያውቅ ደግሞ ማን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ ከጅማ የመጣ ነው። በጅማ ዞን በጎማ፣ በሰቃ ጨቆርሳና በቀርሳ ወረዳዎች ተመራማሪዎች አካባቢዎችን በዕጣ መድበው በአንዳንዶቹ የተሻሻለ ማቆያ ሠሩ፤ የሃይማኖት አባቶችን ጨምሮ የአካባቢ መሪዎችንም አሠለጠኑ። በሌሎቹ መሪዎችን ብቻ አሠለጠኑ፤ በቀሩት ደግሞ የነበረው እንደነበረ ቀጠለ። ውጤቱ በ2020 ሲታተም በጤና ተቋም የመውለድ መጠን በሦስቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። ማቆያም ተሠርቷል፣ ቄስና ሼህም ተናግረዋል፣ ሴቶቹ ግን በተጠበቀው ልክ አልመጡም። እኔ የምለው እውነት ቢሆን ኖሮ ይህ ጥናት ሌላ ነገር ማሳየት አልነበረበትምን?

ለዚህ መልሱ ሁለት ነው፤ አንደኛው የራሴን ክርክር የሚያርም ነው። ብዙዎቹ የጤና ጣቢያ ማቆያዎች አጠገባቸው የቀዶ ሕክምና ክፍል የላቸውም። ከቤቷ ተነሥታ ሳምንታት ጠብቃ፣ ቀኑ ሲደርስ «ወደ ሆስፒታል ሂጂ» የምትባል ሴት ያተረፈችው ግማሽ መንገድ ብቻ ነው፤ ጎረቤቷም ያንን ታያለች። አጣጥ ላይ ግን ከማቆያው በር እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ያለው ርቀት የእግር መንገድ ነው። እንግዲህ እምነት ብቻውን እናትን አያድንም፤ መጥታ የምታገኘው ነገር መምጣቷን የሚያዋጣ መሆን አለበት። ሁለተኛው መልስ ስለ ጊዜ ነው። ለጥቂት ቀን ሥልጠና ተቀምጦ መልእክት ተቀብሎ የሚመለስ የሃይማኖት አባት የተላከ ድምፅ ነው፤ ሰው በአክብሮት ሰምቶት ወደ ሥራው ይመለሳል። የቁምስና የጤና አገልግሎት የምለው ሌላ ነገር ነው። ልጅ ሲወለድ የሚያጠምቅ፣ ሲታመም የሚጠይቅ፣ ሲሞት የሚፈታ፣ እንዲሁም የመንደሩን ምንጭ ሲያጎለብት ድንጋይ አብሮ የተሸከመ ተቋም በአንድ ቦታ ለዐሥርተ ዓመታት መኖሩ ነው። የአጣጡ ጥናት መዝገቡን ሲጀምር ማቆያው ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሲዘጋ ሠላሳ ሁለት። በዚያ ጊዜ ውስጥ በማቆያው የተወለደች ልጅ አድጋ ለራሷ ወሊድ ወደዚያው ልትመለስ ትችላለች። በሁለት ዓመት ፕሮጀክት የዚህን ዓይነት ምስክርነት ማምረት አይቻልም፤ የጅማውም ጥናት ያሳየን ይህን ይመስለኛል።

ሴቶች በጤና ተቋም የማይወልዱበትን ምክንያት ራሳቸው ሲናገሩ የሚሉትም ወደዚህ ይመራል። በ2011 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከተጠየቁት እናቶች 61 በመቶዎቹ በጤና ተቋም መውለድ አስፈላጊ መስሎ አልታያቸውም፤ 30 በመቶዎቹ ደግሞ የተለመደ አይደለም ብለዋል። በዚያ ዓመት በጤና ተቋም የሚወለደው ከዐሥር ሕፃናት አንዱ ገደማ ነበር። ርቀትና ገንዘብ ችግር አይደሉም ማለቴ አይደለም። ግን አስፈላጊ ያልመሰለ ነገር አስፋልት ቢዘረጋለትም አይኬድበትም። ልማድን የሚለውጠው ደግሞ ክርክር ሳይሆን ሌላ ልማድ ነው። በአጣጥ የማቆያው ሥራ ከመንደር ሥራው ተነጥሎ የማይታየው ለዚህ ነው። ከሆስፒታሉ ወጥተው በየመንደሩ ምንጭ ያጎለበቱ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ እንዲቆፈር ያስተማሩ፣ ሕፃናትን የከተቡ፣ ሴቶችን በቡድን ያደራጁ ሠራተኞች ነበሩ። ንጹሕ ውኃ የሚያመጣው ጥቅም ለማንም ግልጽ ነው፤ የሕፃኑ ተቅማጥ ይቀንሳል፣ ልጃገረዷ እንስራ ተሸክማ የምትሄደው መንገድ ያጥራል። ከዚያ በተጨማሪ ግን አንድ የማይታይ ነገር ያስገኛል። ምንጩን ያመጡት ሰዎች ነፍሰ ጡሯን «ቀድመሽ ነይ» ሲሏት ንግግራቸው ከዜሮ አይነሣም። አንድ ጊዜ የተናገሩት እውነት ሆኖ ታይቷልና።

እዚህ ላይ የሚነሣውን የሃይማኖት ጥያቄ ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከመላው የኢትዮጵያ ሕዝብ አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። በጉራጌ ዞን ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ሙስሊም፣ ከዐሥሩ አራት ያህሉ ኦርቶዶክስ ነበሩ። ታዲያ የጥቂቶች ቤተ ክርስቲያን የብዙኃኑን እናቶች ስትሰበስብ ስውር ዓላማ የላትም ወይ? በሚሲዮን ታሪክ ውስጥ በዳቦና በመድኃኒት ሃይማኖት የተሸመተበት ጊዜ ስለነበረ ጥያቄው አግባብ አለው። መልሱ መፈለግ ያለበት ግን ከስብከት ሳይሆን ከሰዎቹ እግር ነው። ሙስሊምና ኦርቶዶክስ እናቶች ለዐሥርተ ዓመታት፣ ትውልድ ተሻግሮ፣ ወደዚያ ግቢ መጥተዋል፤ የአካባቢው ካቶሊኮችም ዛሬም ጥቂቶች ናቸው። ሃይማኖትን ለመለወጥ የታሰበ ወጥመድ ቢሆን ኖሮ ወይ ሕዝቡ ይሸሸው ነበር፣ ወይ ቆጠራው ሌላ ነገር ይናገር ነበር። እንዲያውም ጥቂት መሆኑ ለአገልግሎቱ እንደ ጠቀመው እገምታለሁ። ለራሱ ምእመናን ብቻ የሚሠራ ተቋም በራሱ ምእመናን መልካም ፈቃድ ይኖራል፤ ለሌላው የሚሠራ ግን በየቀኑ መታመን አለበት።

«ይህ የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ?» ለሚለው አዎ፣ የመንግሥት ሥራ ነው። መንግሥትም ሠርቶታል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን አሠልጥኖ በደመወዝ አስቀመጠ፤ ቁጥራቸውም ከሠላሳ ሺህ አለፈ። እነዚህ ወጣት ሴቶች ያደረጉትን ለውጥ የትኛውም ቤተ ክርስቲያን በራሷ ልታደርገው አትችልም። በጤና ተቋም የሚወለዱት ሕፃናት በ2016 ወደ 26 በመቶ፣ በ2019 ወደ 48 በመቶ ከፍ ብለዋል፤ በ2000 በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ዳሰሳ 412 ሆኗል። ማቆያም ቢሆን ዛሬ የሚሲዮን ሆስፒታሎች ብቻ አይደለም፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ግቢ በስፋት ተሠርቷል፣ በአንዳንዶቹም ለወለደችው ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል። ይህ ለክርክሬ የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ አይደለም። ትንሽ ተቋም ሠላሳ ዓመት ይዞ የሞከረውን ትልቁ ወስዶ ያሰፋዋል፤ የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ሊሆን ይገባል። የሚያሳስበኝ ሕንፃው ሲሰፋ ከሕንፃው በፊት የነበረው ሥራ አብሮ አለመስፋቱ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሪፖርት፣ በዘመቻና በስብሰባ ተወጥራ ሳለ ወንዝ ማዶ ያለችውን ነፍሰ ጡር ቤት ድረስ ሄዶ አማቷን የሚያሳምን ማን ነው? ቁምስና፣ ደብርም ሆነ መስጊድ፣ ከእሷ ጋር ሊሰለፉ የሚችሉት እዚህ ላይ ነው፤ ተፎካካሪ ክሊኒክ በመክፈት አይደለም።

ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚቀርብ አንድ ተቃውሞ ይቀራል፣ እርሱም ቀላል አይደለም። እናቶችን ከሞት ከሚታደጉ ነገሮች አንዱ ልጆችን ማራራቅና ያልታሰበን እርግዝና ማስቀረት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን በ1968 በጳውሎስ ስድስተኛ መልእክት ያጸናችው ትምህርት ከተፈጥሮ ዘዴ ሌላ ያለውን የወሊድ መቆጣጠሪያ አይፈቅድም። ብዙ የወለደች ሴት ማሕፀኗ የመቀደድ አደጋው እንደሚጨምር ከላይ ጽፌአለሁ፤ እንግዲህ አንዱ እጅ የሚያድናትን ሌላው እጅ ለአደጋ አያጋልጣትም ወይ? ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ፣ በማቆያ ብዛትም አይሞላም። በገጠራችን በተግባር የሚሞላው አገልግሎቱን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቀበሌው ስለምትሰጥ ነው። ከቁምስናው የሚጠበቀው ትንሹ ነገር መንገዷን አለመዝጋት ነው። ይህን ጉድለት ይዞም ቢሆን ያ ማቆያ ያዳናቸው እናቶች ድነዋል፤ አንዱን ለማመን ሌላውን መካድ አያስፈልግም።

አሁን ተግባራዊው ችግር ወጪው ነው። ወጪ ስል የሆስፒታሉን ብቻ አይደለም፤ የቤቱን ነው። ሦስት ሳምንት ማቆያ የምትቀመጥ ሴት የሚታለብ ላም፣ የሚፋቅ እንሰት፣ በቤት የሚቀሩ ትንንሽ ልጆች አሏት። ስንቅና ማገዶ ይዛ መምጣት አለባት፤ ይህን የማትችል ድኻ ደግሞ ማቆያው በነፃ ቢሆንም አትመጣም። በመጨረሻ የሚያስቀራትም ድንቁርና አይደለም፣ ቤቷን የሚይዝላት ሰው ማጣቷ ነው። መንግሥት ለአንዳንድ ማቆያዎች ምግብ ያቀርባል፣ ማኅበረሰቡም በየቦታው እህል ያዋጣል፤ ላም የሚያልብ ግን በበጀት አይመደብም። ይህን ሊያደርግ የሚችል አደረጃጀት በጉራጌ ምድር አዲስ መፈጠር የለበትም። እድር አለ፣ የሴቶች ማኅበር አለ፣ በየቁምስናው የሰንበት ጉባኤ አለ። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ለሐዘንተኛው ቤት ምግብ ያቀርባል፣ ከብቱን ይጠብቃል፣ ተራ ይመድባል፤ ያልተገኘውን ይቀጣል። ይኸው ተራ ለምትጠባበቅ ወላድ ቤት እንዲመደብ በደንቡ አንድ አንቀጽ መጨመር ይበቃል፤ ስሟን ከክትትል መዝገቡ የምታውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፣ ቀኑ ሲቃረብ ለእድሩ ዳኛ የምትነግረውም እሷ ልትሆን ትችላለች። ለውይይቱ የቁምስናው ቄስ፣ የደብሩ አለቃና የመስጊዱ ኢማም በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ የሚያከራክራቸው የሃይማኖት ነጥብ የለም፤ የሚወስኑት የማን ላም በማን ተራ እንደሚታለብ ነው።